ባትሪው ሦስት ቀን የሚቆይ ስልክ

ከባለቤቴ ጋር ከመጋባታችን በፊት የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በስልካችን። ሁለታችንም የአንድ ኩባንያ፣ ያውም የአንድ ሞዴል ስልክ ነበረን። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ያኔም ገበያው ከድቶት እየተንገዳገደ ስለነበር በቁስሉ ላይ እንጨት መስደድ አልፈልግም። ሆሳዕና ውስጥ ስልኩን ያመጣ የነበረው ባለሱቅ እንኳ መሸጡን ትቶ ነበር። ሽፋን ፈልጌ ብሄድ፣ "እህቴ፣ እስካሁን ይዘሽዋል እንዴ?" ብሎ ከልቡ አዘነልኝ።

የተዋወቅነው ዱራሜ ነው። እኔ ሆሳዕና የአይሲቲ መምህርት ነኝ። ለሥልጠና በሄድኩበት አዳራሽ መብራት ጠፋና ጄኔሬተር የሚጠግን ሰው ተጠራ። አዲሎ ላይ ወፍጮ ቤት አለው፤ በየአካባቢው እየዞረም ሞተር ይጠግናል። ስልኩን ጄኔሬተሩ ላይ አስቀምጦ ሞተሩን ሲያስነሳው ስልኩ በንዝረቱ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ በፊቱ ተደፋ። የጮህኩት እኔ ነኝ። እሱ አነሳው፣ በሱሪው ጠረገውና "ምንም አይሆንም፤ ይሄ እኮ ብረት ነው" አለኝ። ያላመንኩት መስሎት ሆን ብሎ ደግሞ ጣለው። ከቦርሳዬ የራሴን አውጥቼ ሳሳየው የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ያህል ሳቀ።

ክርክሩ ከዚያ ጀመረ። እሱ ነገርን ሁሉ የሚመዝነው በብረቱ ነው። የስልኩ ጠርዝ ብረት፣ መስታወቱ የማይጫር፣ ካሜራው ደግሞ ጨለማ ወፍጮ ቤት ውስጥ የዱቄቱን ብናኝ ሳይቀር የሚያነሳ ነበር። "ይሄን የሠራ ሰው ሥራውን ያውቃል" ይለኛል። እኔ ደግሞ "እሱማ ያውቃል፤ ሶፍትዌሩን የጻፈው ጓደኛው ነው የማያውቀው" እለዋለሁ። አማርኛ ስጽፍ ኪቦርዱ መሀል ላይ ይጠፋል። የማለዳ ደወሉ ሲያሰኘው ይጮኻል፣ ሲያሰኘው ይተወዋል።

"ሶፍትዌር ይስተካከላል፤ ብረት ከተሰበረ ግን ማን ይመልሰዋል?" ይላል።

"ማን ያስተካክለዋል? ኩባንያው ራሱ ሊዘጋ ነው እኮ!"

እሱ ከምባታ ነው፣ እኔ ሀዲያ። የምንጨቃጨቀው በአማርኛ ነው፤ ስንዋደድም በዚያው በአማርኛ ነበር። መቼ እንደተዋደድን ግን ሁለታችንም አናውቀውም። እኔ ያወቅሁት አንድ ቀን ሙሉ ሳይጨቃጨቀኝ ሲውል ነው፤ ምሳ አልበላ አለኝ።

አንድ ቀን ሳይታሰብ የሶፍትዌር ማሻሻያ መጣ። የመጨረሻውም እሱ ሆነ። ከጫንነው በኋላ፣ በፊት አንድ ቀን ተኩል ይቆይ የነበረው ባትሪ ሦስት ቀን መቆየት ጀመረ። እሱ ደስታውን አልቻለውም። ደውሎ "አየሽ? ብረቱ ነው!" አለኝ። እኔ የኮምፒዩተር አስተማሪዋም አምኜ "እሺ፣ ረታኸኝ" አልኩት። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ያልገባን ነገር፣ ስልኩ ባትሪ የሚቆጥበው መልእክት መቀበያ መተግበሪያዎቹን ሁሉ እያስተኛ መሆኑ ነበር። ስልክ ሲደወል ይጠራል፤ የተጻፈ መልእክት ግን መተግበሪያው ተከፍቶ ካልታየ በቀር አይመጣም።

በዚያ ሳምንት የፈተና ወረቀት ላይ ተደፍቼ ነው የሰነበትኩት፤ ምንም አልከፈትኩም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀጉሬን ታጥቤ በሻርፕ ጠቅልዬ ልብስ ሳሰጣ ሦስት ሽማግሌዎች በግቢያችን በር ገቡ። ኮት ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። አንደኛው ፊቴን ትኩር ብሎ አየና ፈገግ አለ። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሳይነገረው የሚመጣ ነገር አይወድም። ሳሎን አስገብቶ ተቀመጡ ቢላቸው አልተቀመጡም። መጀመሪያ ጸለዩ። ከዚያ ታላቁ ሽማግሌ፣ "ከአዲሎ ነው የመጣነው። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን ነው። በድንገት መጡብን እንዳትሉን፤ ልጅትዋ ታውቃለች" አለ።

እናቴ በእጇ የያዘችውን ትሪ እንደያዘች ቀረች። አባቴ ወደ እኔ ዞረና በሀዲይኛ "ታውቂ ነበር?" አለኝ።

አላውቅም ብል ሦስት ትልልቅ ሰዎች አፍረው ይመለሳሉ፣ እሱም ውሸታም ተብሎ ይቀራል፤ አባቴ ደግሞ ለውሸታም ሁለተኛ በር አይከፍትም። አውቃለሁ ብል ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ መመለሴ ነው። ሰውዬውን እወደው ነበር፣ በጣም። ግን ንዴቴ ከፍቅሬ ቀደመ። ስለ ሞተር ኩሽኔታ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያወራ ሰው እኔን አንዲት ቃል መጠየቅ አቃተው? "አባዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ" አልኩና ወደ ጓሮ ወጣሁ።

እንሰቱ ሥር ቆሜ መተግበሪያውን ስከፍት መልእክቱ በላይ በላዩ ይወርድ ጀመር። የረቡዕ፦ "በአፌ ማለት አፍሬ ነው የምጽፍልሽ። ቅዳሜ ሽማግሌ ልልክ ነው። የማትፈልጊ ከሆነ እስከ ዓርብ ንገሪኝ። ካልመለስሽልኝ ተስማምታለች ብዬ እቆጥራለሁ።" የሐሙስ፦ "አፍረሽ ነው አይደል?" የዓርብ ማታ፦ "እግዚአብሔር ይባርክሽ! ደስታዬን አልቻልኩትም።"

በእኛ አገር ጨዋ ልጅ ስለ ጋብቻ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ዝም ስትል ሰው እሺ እንዳለች ነው የሚወስደው። ሰውዬው የስልኩን እንቅልፍ የእኔ ጨዋነት አድርጎት አረፈው። መልእክቱ እንዳልደረሰኝ የምታሳየዋ ምልክት እሱ ስልክ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር እሱ መች ያየዋል!

ደወልኩለት። ከጀርባው ወፍጮው ይጮኻል።

"ሄሎ፣ የኔ ቆንጆ—"

"አታቆላምጠኝ! መልእክትህን ገና አሁን ነው ያየሁት!"

"አሁን ማለት?"

"አሁን! ሽማግሌዎችህ ሳሎን ቆመው! ባትሪው የሚቆየው ስልኩ ስለሚተኛ ነው!"

"ታዲያ ብረቱ ምን አጠፋ?" አለኝ። እውነቴን ነው፣ እንደዚሁ ነው ያለኝ።

"ስማ፤ አሁን ገብቼ አላውቅም ልል ነው። በአፍህ ከጠየቅከኝ ግን ሌላ ነገር ነው።"

"አሁን? ሰው ወረፋ ይዞ እየሰማኝ?"

"አሁን።"

አንድ ነገር አለ። ወፍጮው ዋጠው። "አልሰማሁም!" አልኩት፤ እውነትም አልሰማሁም።

"ታገቢኛለሽ ወይ?" ብሎ ጮኸ። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ከኋላው እልል አሉ። "አዎ! አገባሃለሁ!" ብዬ እኔም ጮህኩ። እየሳቅሁ ነበር፤ እንባዬም ይወርድ ነበር።

ስመለስ የሳሎኑ የጓሮ መስኮት ክፍት ነበር። ታላቁ ሽማግሌ በመሀረቡ አፉን ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና በአማርኛ፣ "ጥያቄያችሁን ሰምተናል። የልጄንም መልስ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የእኔን ግን እንደ ወጉ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥታችሁ ትሰማላችሁ" አለ። ጸልየው ሄዱ፤ መልስ ሳያገኙ እህል መቅመስ ወግ ስላልሆነ የቀረበላቸውን አልነኩም።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀመጠና ጠራኝ።

"ያ ልጅ በአፉ ጠየቀሽ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ደግ አደረገ።" ቀጥሎም፣ "እኔ እናትሽን አልጠየቅኳትም። የጠየቅነው አባቷን ነው" አለኝ።

እናቴ ያልተነካውን ምግብ ወደ ጓዳ ስትመልስ ሰማችው። በሩ ላይ ቆመችና "እኔ እኮ አልሄድኩም፤ ይኸው አለሁ" አለችው።

አባቴ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ትሪውን መሬት አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ጠበቀችው። አባቴም ሳቁን ተወ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ያንኑ ጥያቄ በሀዲይኛ ጠየቃት።