ለአንድ ቀን የተዋሱኝ ልጅ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም።

ልጄ ኪዳኔ አይሰማም። ለትምህርት ሲደርስ ከእንጦጦ ቁልቁል ይዤው ወርጄ፣ የልዩ ፍላጎት ክፍል አለው ወደተባለ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ርዕሰ መምህሯ ቀና ብላም ሳታየን «እኛ የምናስተምረው የሚማር ልጅ ነው» አለችኝ። ያን ቀን ማርያም ደጅ ቆሜ የለመንኩት ለልጄ አልነበረም። የዚያችን ሴት ውርደት አሳዪኝ ነበር ያልኳት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ርዕሰ መምህሯ ራሷ ቤቴ መጣች። በክፍሉ ስንት ልጅ እንደሚማር የሚያዩ ተቆጣጣሪዎች ከክፍለ ከተማ ሊመጡ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው። «እህቴ፣ ኪዳኔን ለአንድ ቀን አውሺኝ» አለች። ስሙን ከየት አገኘችው? ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ።

በቀኑ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጎረቤቴ አልማዝ ክንዴን ያዘችኝ። ልጇ ትዕግሥት አታይም፤ እዚያ ክፍል ብሬል ጀምራ ነበር።

«ፊትሽን አልወደድኩትም። አደራ፣ ዛሬ እንዳትናገሪ። ልጅ ካነሰ ክፍሉን ይዘጉታል።»

«እኔ ደግሞ ምን አፍ አለኝ?»

«እሱን ለማያውቅሽ» ብላ ሳቀች።

ወላጆችን አንድ በአንድ ቢሮ ያስገቡ ነበር። ተቆጣጣሪው የኪዳኔን ትምህርት ሲጠይቀኝ፣ ርዕሰ መምህሯ አጠገቡ ቆማ እያለች፣ «ዛሬ ለእናንተ ብለው ተውሰውት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ላስመዘግበው ሳመጣው መልሰውት ነበር» አልኩ። ፊቷ ዐመድ መሰለ። እኔም ጠገብኩ። ምን ብዬ ልዋሽ? ጠገብኩ።

እሷ ከሥራዋ ተነሳች። ክፍሉም ተዘጋ። ተቆጣጣሪው ለኪዳኔ መገናኛ አካባቢ መስማት የማይችሉ ልጆች የሚማሩበት ቦታ ፈለገለት፤ ዛሬ በእጁ ያወራል። ተመስገን። ትዕግሥት ግን ቤት ቀረች።

እውነት ነው የተናገርኩት ልበል? ለእውነት ብዬ መች ተናገርኩ? አልማዝ ነግራኝ ነበር። እያወቅሁ አደረግሁት። በርዕሰ መምህሯ ላይ ባደረግሁት ዛሬም አልተጸጸትኩም። የሚያቃጥለኝ ትዕግሥት ናት።

ክፍሉን ማን እንዳስዘጋው አልማዝ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ኪዳኔን ይዤ በደጃቸው ሳልፍ፣ ትዕግሥት ኮቴዬን ለይታ «እትዬ ወለላ፣ ኪዳኔን ይሳሙልኝ» ትለኛለች። ይቅርታ ለመጠየቅ ያንን በር ማንኳኳት ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ሰሞኑን እዚያ ስደርስ እንዳትሰማኝ ጫማዬን አወልቃለሁ። ጫማ የማወልቀው ለማርያም ብቻ ነበር።

ኪዳኔ ባዶ እግሬን ያይና በእጁ «ለምን?» ይለኛል።