አርጎን ያለቀበት ሐሙስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ የእህል ምርመራ ውጤት ይዛ አሶሳ ወዳለው ቢሮዬ መጣች። ወረቀቱ ላይ «መርዝ አልተገኘም» ብላለች። «ከናሙናው በኋላ የሚታወቀውን መርዝ ደግመሽ አሳልፈሻል?» አልኳት። አላሳለፈችም። ጮህኩባት። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች፤ እኔም በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጩኸቱ ለእሷ አልነበረም።

ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ ተቀጥሬ ነበር። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለውን መሣሪያ እንድንነካ የሚፈቀድልን ጥቂቶች ስለነበርን መሬት አይንካኝ እል ነበር። በሰኔ አንድ ረቡዕ ኢድሪስ ከአሶሳ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ መጣ። ኢድሪስ የበርታ ልጅ ነው፤ የእኔ ወላጆች ደግሞ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያው የሰፈሩ ናቸው። ጎረቤት ነበርን። የእናቱን የእማማ ሀሊማን ገንፎ በባምያ ወጥ እየበላሁ ነው ያደግሁት።

«ይማም፣ ዶሮ አምስት ሞተ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ፣ አንድ ከረጢት በቆሎ እያቀበለኝ። «ይሄን ነው የበላው። ዝናብ ገብቶበት ሻግቷል። እንብላ ወይስ እንጣል? ቤት ውስጥ ሌላ እህል የለም፣ ወላሂ።»

«ነገ ከሰዓት እነግርሃለሁ» አልኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ከእህሉ የወጣው ፈሳሽ ከቀጭን መርፌ ጫፍ በኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ጉም ይረጫል። ጠብታዎቹ ሲደርቁ ሞለኪውሎቹ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቀራሉ፤ አዮን የምንላቸው እነሱን ነው። መሣሪያው በክብደታቸው ይመርጣቸዋል። ይሁንና ክብደቱ ከሻጋታው መርዝ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ነገር ሞልቷል። ስለዚህ የተመረጡት አዮኖች አርጎን የተባለ ጋዝ ወዳለበት ክፍል ይወረወራሉ፤ እዚያ ከጋዙ ጋር እየተላተሙ ይሰበራሉ። መርዙ የሚሰበርበት መንገድ ይታወቃል። መሣሪያው ስብርባሪውን ብቻ ይቆጥራል፤ ስብርባሪው ከታየ መርዙ አለ ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት የሚታወቀውን መርዝ አሳለፍኩ፤ ስብርባሪው ጥርት ብሎ ታየ። ከሰዓት በቆሎውን አሳለፍኩ፤ ምንም የለም። ደንቡ መሣሪያው አሁንም መርዝ እንደሚያይ ለማረጋገጥ የሚታወቀውን መርዝ እንደገና ማሳለፍ ነበር። ኢድሪስ ግን ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ አውቶቡሱ በማግስቱ ንጋት ይነሣል። እውነቱን ለመናገር ግን የቸኮልኩት ደስ የሚል ወሬ ለመንገር ነው።

«ንጹህ ነው፤ ብሉት» አልኩት።

«ዶሮው ታዲያ?»

«የዶሮ በሽታ ይሆናል።»

አቀፈኝ። «እናቴ ደስ ይለዋል» አለ።

በማግስቱ የሚታወቀው መርዝ እንኳ አልታይ አለ። መሣሪያው ተበላሸ ብለን ጠጋኝ ጠራን። ሐሙስ ከሰዓትም እንዲሁ ሆኖ ይሆን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ወይም መጠየቅ አልፈለግሁም። ጠጋኙ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥቶ የአርጎኑን ሲሊንደር አየና «ይሄማ ባዶ ነው» አለ። መሣሪያው የሚይዘውን መዝገብ ስናይ ጋዙ ያለቀው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ኖሯል። የሚላተማቸው ስላጡ አዮኖቹ ሳይሰበሩ አልፈዋል፤ ስብርባሪ ብቻ የሚቆጥረው መሣሪያ ምንም አላየም። አዲስ ሲሊንደር ተገጠመ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተረፈውን የኢድሪስን ናሙና ሳሳልፍ መርዙ ከገመትኩት በላይ ነበር።

መንደሩ ውስጥ ስልክ የለም። አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከነቀምቴ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ባምባሲ ላይ የበሰበሰ የማንጎ ሽታ በመስኮት ይገባል። ስደርስ ኢድሪስ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ አብጦ ነው የሞተው አሉኝ። የቀረውን በቆሎ በእጄ ጉድጓድ ጣልኩት። «መርዝ እንዳለው አሁን ነው የታወቀው» አልኩ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። እማማ ሀሊማ ጭቃ የነካውን ጫማዬን አውልቀው እግሬን አጠቡኝ።

ተማሪዬን ባስለቀስኩ ማግስት ባጃጅ ይዤ እማማ ሀሊማ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል። ስለ ጋዙም፣ ስለ ችኮላዬም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ኢድሪስ ይጣል ብሎ ነበር» አሉ። «እኔ እምቢ አልኩ። በመጀመሪያ ይማም ጠይቅ አልኩት። ለበቆሎ ሳስቼ ልጄን ገደልኩ እያልኩ ነው የኖርኩት። በየሶላቱ አላህ ማረኝ እያልኩ።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ያን ጊዜ ለለቅሶ ስትመጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

ስህተቴን የአንድ ከሰዓት ችኮላ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ዝምታዬ ግን የአንድ ከሰዓት አልነበረም። በየዒዱ ቤታቸው ገብቼ፣ በልቼ፣ ተመርቄ ስወጣ፣ እሳቸው የእኔን ኃጢአት እንደራሳቸው ይዘው ይሰግዱ ነበር። ራሳቸውን ሲወቅሱ መኖራቸውን አለማወቄ ልቤን ይሰብረዋል፤ ግን አለመጠየቄም የእኔው ነው።

ወትሮ እስከ መንገዱ ይሸኙኝ ነበር። ያን ቀን ከተቀመጡበት አልተነሡም።