ሦስት ቀን የደበቅኩት ድምፅ

ታጣቂዎቹ ከመኪናው ሲያወርዱን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ጋዜጠኛ አለ?"

መታወቂያዬን ብቻ ዘረጋሁ። ከኒሯቅ ወደ ሰቆጣ እየተመለስኩ ነበር። መታወቂያዬ ላይ ያለው ስም በሬዲዮ የምታወቅበት አይደለም። የሬዲዮውን በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ለጆሮ ይጥማል ብዬ ራሴ ነኝ የመረጥኩት። በየዘገባዬ መጨረሻ አስረዝሜ እለው ነበር። ሰቆጣ ገበያ ዋጋ ስጠይቅ ሻጮች ቀና ሳይሉ በድምፄ ያወቁኝ ቀን፣ ምሳ መብላት ረስቼ ዋልኩ።

ያሰሩን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። ነፋስ የቆርቆሮውን በር በነካው ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወጣት "ጋዜጠኛ ሳትሆን አትቀርም" ተብሎ ተወሰደ። አልተመለሰም። አንደኛው ነጠላ ጫማው በሩ ሥር ቀረ።

ከዚያ ወዲያ አልተናገርኩም። አንገቴን በፎጣ ጠምጥሜ ጉሮሮዬን የታመምኩ መሰልኩ።

"ይሄ ሰውዬ ምላሱን ኒሯቅ ረስቶት ነው የመጣው" አለ አንዱ እስረኛ። ሳቁብኝ።

በሦስተኛው ቀን የታጣቂዎቹ መርማሪ ከጽጽቃ የመጡ ሽማግሌ አስነሳ። ኪሳቸው ውስጥ ብዙ የባትሪ ድንጋይ ተገኝቶባቸዋል።

"ለማን ልታደርስ ነው?"

ሽማግሌው በኽምጥኛ መለሱ። አማርኛ አያውቁም።

"በአማርኛ ተናገር አንተ ሽማግሌ!" ዱላውን አነሳ።

ኽምጥኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። ሌሎች የሚያውቁትም አንገታቸውን ደፍተዋል። ነጠላ ጫማውን አየሁት። ከዚያ ተነሳሁ።

"አለቃ፣ ማሽላቸውን ጃርት እየጨረሰባቸው ነው። ሌሊት በባትሪ ሊጠብቁ ነው የገዙት።"

ድምፄ መጋዘኑን ሞላው። መርማሪው ዱላውን አውርዶ ትኩር ብሎ አየኝ።

"ድምፅህ…" አለ። ፎጣዬን ወደ አገጬ ሳብኩ። "ድምፅህ ያምራል። ዲያቆን ነበርክ እንዴ?"

"አስተማሪ ነበርኩ" አልኩት። እውነት ነው፤ ከሬዲዮ በፊት አስተምሬያለሁ።

መርማሪው ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ስሜ በየገበያው ሲነሳ እሱ ገና ጡት አልጣለም ነበር።

ሽማግሌውን በማግስቱ ለቀቋቸው። ሲወጡ ክንዴን ይዘው "የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። የእኔን አልጠየቁኝም። እኔ ከሳምንት በኋላ ወጣሁ። የወጣቱን መጨረሻ እስከ ዛሬ ጠይቄ አላገኘሁም።

አሁንም ዘገባ እሠራለሁ፤ ስሜን ግን አላስረዝምም። እንዴት እንደፈራሁ ለሰው ስናገር አላፍርም። የማፍረው በሌላ ነው። መርማሪው "ዲያቆን ነበርክ?" ብሎ ሲያልፈኝ፣ ያ ጫማ በሩ ሥር እያለ፣ ስላላወቀኝ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።