ዕድሜ የሚለይ ወስፌ

«ጭጋጉ ሲገፈፍ ማጎ ወንዝ ዳር ላይ፣
እም… እም… እም… አንተን ባገኝ ወይ።»

የሁለተኛው ስንኝ ግማሽ ከባዩሽ ነጋሽ ከጠፋ ቆይቷል። እናቷ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉረው ነበር፤ እናትየው ስታልፍ ዜማው ቀረ፣ ቃሉ ተነነ። ባዩሽም የጎደለውን በአፍንጫዋ እየሞላች ታልፈዋለች። ጂንካ ውስጥ በዚያ ቢሮ ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ያቺን «እም… እም…» ከሰማ «ባዩሽ ሥራዋ ላይ ናት» ብሎ ይሄዳል።

ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ነው። የማጎና የኦሞ ሸለቆ የገንዲ ዝንብ ከብት መፍጀቷ ሳያንስ ሰውን ማስተኛት ጀምራለች። ከደጋው ወርዶ ቀፎ የሚሰቅለው፣ ቆላ ወርዶ ማሽላ የሚጠብቀው ትኩሳት ተሸክሞ ይመለሳል። ቀስ በቀስ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ይጥለዋል። በመጨረሻ ስሙን ሲጠሩት የማን ስም እንደሆነ ይጠፋዋል። ይህን በሽታ የሚከታተል አንድ ትንሽ ቡድን ጂንካ ላይ ቢሮ ከፍቶ ነበር፤ ባዩሽ የዚያ ቡድን ካርድ ያዥ ናት፤ ሰው ሲጎድል መርፌም ትወጋለች። አባቷ ከሰሜን የመጣ ወታደር፣ እናቷ አሪ ነበረች። በአባቷ አማርኛ ትጽፋለች፣ በእናቷ አሪኛ ትጠይቃለች። መንደር ስትገባ «የልጃችን ልጅ መጣች» ይሏታል።

ካርዶቿ ዙሪያቸውን የተበሱ ናቸው። አንዱ ቀዳዳ «ወንድ» ነው፤ አንዱ «ቆላ ይወርዳል»፤ አንዱ «ደሙ ውስጥ ታይቷል»፤ በግራው ጠርዝ የተደረደሩት ዕድሜ ናቸው። ለሰውየው እውነት የሆነው ቀዳዳ በመቁረጫ እስከ ጠርዙ ይከፈታል፣ ያልሆነው እንደተዘጋ ይቀራል። ከዚያ ካርዶቹን አጋጥሞ የፈለጉትን ቀዳዳ በቀጭን ብረት ወግቶ ማንሣትና ማራገፍ ነው። የተዘጋው ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የተከፈተው ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል። ስምና መንደር በቀለም ይጻፋል። ዕድሜ ግን የትም አይጻፍም፤ ቀዳዳው ራሱ ጽሑፉ ነው።

ከካርዶቹ ጋር የመጣው ብረት ገና በመጀመሪያው ክረምት ስለጎበጠ፣ ባዩሽ የእናቷን የስፌት ወስፌ ከቤት አመጣች።

«ሌላው ሙዳይ ይሰፋበታል፣ እኔ ሰው እሰፋበታለሁ» ትላለች ለሚስቅባት ሁሉ።

ከአርባ ምንጭ መድኃኒት በመጣ ቁጥር «ደሙ ውስጥ ታይቷል»ን ትወጋና ታነሣለች። ሕመምተኞቿ ነፋስ እንደነካው አበባ ሲረግፉ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ይሞቃታል። በስማቸው ጠርታ ያስነሣቻቸው ይመስላታል።

መድኃኒቱ መርፌ ነው፤ ልክ ይፈልጋል። ቢያንስ አያድንም፣ ቢበዛ ይገድላል። ቢሮው ሚዛን ስላልነበረው ልኩ የሚወጣው ከዕድሜ ነው። ዕድሜ ደግሞ በዚያ ዓመት የሚነገር ነገር አልነበረም። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ወዲህ እናቶች የልጆቻቸውን ዓመት እንደ እህል ጎተራ ውስጥ ደብቀውታል።

ከገዘር ከተማ በታች ባለው መንደር የሚኖሩት እትዬ አለምነሽ ኤርጎ የሚባል ልጅ አላቸው። ቁመቱ ከበራቸው ይበልጣል፤ ገና ሳይታይ ሳቁ ነው ቀድሞ የሚደርሰው።

«የቀበሌው ሊቀመንበር በመጣ ቁጥር አሥራ አራት ዓመቱ ነው እለዋለሁ» አሉ እትዬ አለምነሽ።

«ጺሙስ?» አለች ባዩሽ።

«ጺሙን ‘ጥቀርሻ ነው፣ ጠዋት አልታጠበም’ አልኩት።»

ኤርጎ ከውጭ ሆኖ ሳቀ። ባዩሽም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ግን መርፌውን አሳየቻቸው። «እትዬ፣ ለእኔ ግን እውነቱን ንገሪኝ። ልጅሽ ቆላ ይወርዳል፤ ከታመመ በዕድሜው ነው የምንወጋው። ከእኔ ሌላ ማንም አያየውም።»

እትዬ አለምነሽ ረጅም ጊዜ ዓይኗን አዩ። የሚሰበሰቡበት ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ ሰው ማመን ቀንሰዋል። «ነሪ ወንዝ ድልድዩን በወሰደው ክረምት ነው የወለድኩት» አሉ በመጨረሻ። ባዩሽ በልቧ ቆጠረችና መቁረጫዋን አነሣች። ከእሳቸው የሰሙ ጎረቤቶችም ተከታትለው እውነታቸውን አመጡላት። መንደር በመንደር፣ እናት በእናት፣ የተደበቀው ዓመት ሁሉ ወጥቶ ባዩሽ ሣጥን ውስጥ ገባ።

ቢሮው ውስጥ ደምሰው የሚባል ወጣት የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ነበር፤ ከአርባ ምንጭ ተልኮ የመጣ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ የሚያበጥር፣ ሲናገር እጁ አብሮ የሚናገር። ያቺን የጎደለች ስንኝ በየቀኑ በሌላ ቃል ይሞላላታል። አንድ ቀን «ዝንቧ ሳትቀድመኝ» ይላል፤ ሌላ ቀን «ጫማዬ ሳይበጠስ»። እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ እሱ የመሳቋን ድምፅ እንደ ደመወዝ ይቀበላል። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተዋል።

«እስቲ ወስፌሽን አሳዪኝ» አላት አንድ ከሰዓት። «እንዴት ነው ከዚህ ሁሉ ሰው የምትፈልጊውን ብቻ የምታወጪው?»

ከኋላው ቆማ፣ እጁን በእጇ ይዛ አሳየችው። መጀመሪያ አንዱን ቀዳዳ፣ ከወደቀው ላይ ደግሞ ሌላውን። ካርዶቹ ሲረግፉ ደምሰው እንደ ሕፃን ተደነቀ። እሷም ጣቶቹ የተደነቁት በእሷ እጅ መስሏት ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለ።

በጥቅምት፣ የቅዳሜ ገበያ ደርቶ ሳለ፣ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና በከተማው መሐል ቀስ ብሎ አለፈ። ላዩ በወጣቶች ተሞልቷል፤ ዳርና ዳር መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። እናቶች ከኋላው ይሮጣሉ፣ ነጠላቸው አፈር ይጎትታል። ባዩሽ የገዛችውን ሙዝ ይዛ ቆመች። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንድ በአንድ አወቀቻቸው።

ከመሐላቸው ረጅሙ አያት።

«እትዬ ባዩሽ!» አለ ኤርጎ። ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። «መድኃኒቱ መጣልን እኮ! ይኸው በዕድሜያችን ሊወጉን ነው!»

ገበያተኛው ዞሮ አያት። ሙዙ ከእጇ ወደቀ፤ ያነሣላት ሰው አልነበረም።

ደምሰው ከቢሮው በስተኋላ ካለው ማንጎ ሥር ቁጭ ብሎ ጫማውን ይቦርሽ ነበር።

«ወስፌዬን ማን ነካው?»

«ምነው፣ ጠፋ እንዴ?»

«ቦታው ላይ ነው። ኤርጎን ግን መኪና ላይ አየሁት።»

ብሩሹ ቆመ። «ተቀመጪ ባዩሽዬ።»

«አልቀመጥም።»

«ስሚ እንግዲህ። የምልመላ ኮሚቴው ቀበሌዎቹን ጠየቀ። አገሩ ሁሉ አሥራ አራት ዓመቱ ነው! ሽበት ያለውም አሥራ አራት! እኔ የማንንም ስም ከአፌ አላወጣሁም። ሁለት ጊዜ ወጋሁ፣ አንዴ ወንድን፣ አንዴ ዕድሜን፤ የወደቀውን ራሳቸው አነሡ።»

«ለመድኃኒት ነው ብዬ ነበር የጠየቅኋቸው። እኔ ነኝ ቃል የገባሁት።»

«ለመድኃኒትም ይሁን፣ ማን ከለከለሽ? የተሰበሰበ መረጃ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተቆልፎ የሚቀመጥበት ዘመን እኮ አለፈ።» እጁ መናገር ጀመረ። «አዲስ አበባ ያለውን ኮምፒዩተር ብታዪው! የጤናውን፣ የግብሩን፣ የቆጠራውን፣ ሁሉንም አንድ ሆድ ውስጥ ይከታል፤ የጠየቁትን በአንድ ትንፋሽ ያወጣል። ወደፊት ሁሉም ቢሮ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ወስፌ አበቃለት፣ የኔ ቆንጆ። እኔም… ኮርሱ ተፈቅዶልኛል። ካርዶቹን ይዤ ነው የምሄደው፤ እዚያ ማሽን ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ባዩሽ ያ ኮርስ በምን እንደተፈቀደ መጠየቅ አላስፈለጋትም። እጇን አየችው፤ የእሱን እጅ ይዛ ያስተማረችበትን እጅ። አልጮኸችም። የምትወደው ሰው ጥፋቱን ቢደብቅ ኖሮ ትጮህበት ነበር። እሱ ግን አልደበቀም፤ በቀን ብርሃን፣ በጨዋ ቃል፣ ጫማውን እያሳመረ ነገራት። ከሁሉ የመረራት ይኸኛው ነው።

አውሮፕላኑ በሳምንቱ ሊመጣ ነው። «ካርዶቹን አሽጊ» ተባለች። ማቃጠል አሰበች፤ አልሆነላትም። ሕመምተኞቿ ሁሉ እዚያ ናቸው። ስለዚህ ሰዉ ለምሳ በወጣ ቁጥር በሯን ገርበብ አድርጋ መቁረጫዋን ታነሣለች። በግራው ጠርዝ ያለውን፣ የዕድሜን ቀዳዳ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ትከፍታለች። ወንድና ሴት አልነካችም፤ ሕመሙን አልነካችም፤ ዕድሜን ብቻ። ሕፃኑ ጎልማሳም ሽማግሌም ሆነ፤ አሮጊቷ አራስም ኮረዳም ሆነች። እያንዳንዱ ሰው የሰው ልጅን ዓመት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሸከመ። ጠረጴዛዋ ሥር ትንንሽ የወረቀት ፍርፋሪ እንደ ጤፍ ገለባ ተከመረ። ያቺ «እም… እም…» በዚያ ሳምንት አልተሰማችም።

ደምሰው ሣጥኑን ይዞ በረረ። ሲሰናበታት ጉንጯን ሰጠችው፤ ከንፈሯን አዞረች። ከቀናት በኋላ በቢሮው ሬዲዮ ድምፁ ተቆራርጦ መጣ።

«ባዩሽ! በሁሉም ሰው ፊት… የትኛውንም ዕድሜ ስወጋ ሁሉም ይወድቃል! ምን አድርገሽ ነው?»

«ምነው፣ ወስፌ አበቃለት አላልክም?» አለችና መቀበያውን ለሬዲዮ ሠራተኛው መለሰች።

የቡድኑ ኃላፊ ጓድ መኮንን የደከማቸው የጤና ሰው ነበሩ። ሣጥኑ «ይብራራ» ተብሎ ሲመለስ በሩን ዘጉና «አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ! አልሰማሁም።» ግንባራቸውን አሹ። «ምስጥ በላው ብዬ እጽፋለሁ።»

«ምስጥ ቀዳዳ መርጦ አይበላም፣ ጓድ።»

«አዲስ አበባ ያለ ሰው ምስጥ አይቶ አያውቅም!» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ሕመምተኞቹን አሁን በምን ለክቼ ልውጋ? ልጆቹን ከውትድርና አድናለሁ ስትይ ለበሽታው ሰጥተሻቸዋል። ካርድ ክፍል ከእንግዲህ አትገቢም። መርፌውን ያዢና በእግርሽ ሂጂ፤ ዕድሜያቸውን እንደገና ጠይቂ።»

ከሞት ፍርድ የባሰ መሰላት። በየትኛው አፏ? ከገዘር ገበያ አንድ የቡና ነጋዴ ለምና ተንጠልጣይ ሚዛኑን ተዋሰች። ሚዛኑን በትከሻዋ፣ መርፌውን በከረጢቷ አድርጋ መንደር ለመንደር መዞር ጀመረች። ዕድሜ አትጠይቅም። ሕመምተኛውን በጆንያና በገመድ ሰቅላ ትመዝናለች፣ ትወጋለች፣ ትሄዳለች። የማትወጋውም በዛ፤ ብዙ በር ገና ሳትደርስ ይዘጋል። «የልጃችን ልጅ» የሚላት ጠፋ። ልጆች «ዕድሜ ሌባ!» እያሉ ከአጥር ጀርባ ይጮሁባታል። አፈሳው በሌላ መንገድ መቀጠሉን ትሰማለች፤ ከእሷ ሣጥን ሌላ ልጅ አለመውደቁን የሚያውቅላት ማንም የለም፤ ብትናገርም ማን ያምናታል? ደምሰው አዲስ አበባ ቀረ፤ ሽማግሌው የሌላ ሴት ቤት ሄደ ሲባል ሰማች። እንባ አልመጣላትም፤ ሚዛኑ ትከሻዋ ላይ ከብዷት ነበር።

እትዬ አለምነሽ ቤት መጨረሻ ላይ ነው የሄደችው። የኤርጎ ታናሽ፣ ትንሿ ጥሩዬ፣ በሽታው ደሟ ውስጥ ታይቷል። ልጅቷ በራፉ ላይ፣ ፀሐይ ፊቷን እየመታት፣ ተቀምጣ ታንቀላፋለች።

«ይቺን ደግሞ የት ልትወስጃት ነው?» አሉ እትዬ አለምነሽ። ከደጃፉ ፈቀቅ አላሉም።

«የትም። ልመዝናት ነው፤ ምንም አልጠይቅሽም።»

«ልጄ ሰሜን ነው። ይኑር ይሙት አላውቅም። ዓመቱን ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩት።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ለአንቺ ብቻ!»

ባዩሽ ደምሰውን ልትጠራ፣ «እኔም ተከድቻለሁ» ልትል አፏን ከፈተች። ያ ቃል በዚህች ሴት ፊት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ታያትና መልሳ ዋጠችው። የሚዛኑን መንጠቆ በደጃፉ ባለው ማንጎ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችና ጠበቀች። ቢያባርሯት ልትሄድ፣ ካላባረሯት ልትሠራ። ፀሐይዋ አጥሩን አለፈች። ከዚያ እትዬ አለምነሽ ልጃቸውን አንሥተው ራሳቸው ጆንያው ውስጥ አስገቧት። ባዩሽ ልኩን አነበበች፣ መድኃኒቱን ቀዳች፣ ወጋች። ልጅቷ አለቀሰች፤ በዚያ ሰሞን ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር። እናትየው ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ባዩሽ ሚዛኑን ፈትታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። በእነዚያ መንደሮች የሚያስቀምጣት ሰው አጥታ፣ ከከረጢቷ ቆሎ እየቆነጠረች፣ እየሄደች ነበር የምትበላው።

«ነገም ተነገ ወዲያም ትወጋለች አይደል?» አሉ እትዬ አለምነሽ ከውስጥ።

«አዎ፣ እመለሳለሁ።»

«ታዲያ ባዶ ሆድሽን ገደል ውስጥ ብትወድቂ ማን ሊወጋልኝ ነው? ግቢ።»

ገባች። እትዬ አለምነሽ የተቀቀለ ጎደሬና ጎመን በገበታ አቀረቡ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ በአሪኛ ጸለዩ። ኤርጎን በስሙ ጠሩ፣ ጥሩዬን በስሟ ጠሩ፤ የባዩሽን ስም አልጠሩም። ባዩሽ ግን አሜን አለች። ከዚያ አሮጌ ቁርበት በእግራቸው ወደ እሷ ገፉላትና ወደ ምድጃው ዞሩ። እሷም ሚዛኑን ከትከሻዋ አውርዳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው፤ ቁርበቱ ላይ ተቀመጠች፤ ጎደሬውን ቆረሰች፤ ገና ትኩስ ነበር።