ኅዳር ጽዮንን ተኝቶ ያሳለፈው ፈረንጅ

ይህ የገጠመኝ ኢትዮጵያም ሱዳንም ሰላም በነበሩበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ካርቱም ዴም ሰፈር ባለችው የበርበሬና የሽሮ ሱቄ ውስጥ ነው። በንግድ ስኖር ብዙ ሰው አይቻለሁ። እንደዚያን ቀን በሰው ቀንቼ ግን አላውቅም።

መጀመሪያ የራሴን ጣጣ ልንገራችሁ። ልጄ ሕፃን ሆና በጠና ስትታመምብኝ፣ ብትድንልኝ ለአክሱም ጽዮን የከፋይ ዣንጥላ በእጄ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ዳነች። ዛሬ እኔኑ ትቆጣለች። ዣንጥላው ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ሱቄ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተሰቀለ። ኢቃማዬ፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ጊዜው አልፏል። ከሱዳን ብወጣ መመለሻ የለኝም። አገር የሚገባ ሁሉ "ስጪኝ ላድርስልሽ" ሲለኝ "በእጄ ብያለሁ" እያልኩ እመልስ ነበር። ያልገባ ስለት ደግሞ እንቅልፍ አይሰጥም።

ያን ቀን ሃይደር የሚባል የሰፈራችን ረቅሻ፣ ማለት ባጃጅ፣ ነጂ ትልቅ ሻንጣ ያዘለ ፈረንጅ ይዞ መጣ። የሃይደር እናት ጎንደሬ፣ አባቱ ሱዳናዊ ናቸው፤ እኔን ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ይለኛል።

"ኻልቲ፣ ይሄ ኸዋጃ ከአገርሽ ነው የመጣ። ሽሮ ፈልጓል።"

"ከየት በኩል?"

"ከአክሱም። ሁለት ቀን ቆየ። ኅዳር ጽዮን ነበረ።"

የሽሮውን መስፈሪያ አስቀመጥኩት። "እንዴት ነበር በለው።"

ሃይደር በእንግሊዝኛ ጠይቆ፣ ራሱን እያከከ ወደ እኔ ዞረ። "እንዳትቆጪ ኻልቲ። ደስ አላለውም። ድንጋይ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበቃል ይላል። ሌሊት ሰዎቹ ሲዘምሩ አላስተኛ አሉት። ጆሮው ውስጥ ጥጥ አደረገ፣ ኻላስ፣ ተኛ።"

"ቤተ ክርስቲያኑስ?"

"አሮጌው ውስጥ ገባ። ጨለማ ነው ይላል።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ ብሄድ እንኳ ሴት ነኝና አሮጌው ውስጥ አልገባም። እሱ ገብቶ፣ አዛግቶ ወጣ። በፓስፖርቱ ቀናሁ፣ በእግሩ ቀናሁ፣ በጥጡ ሳይቀር ቀናሁ።

"ሠርግ ተጠርቶ በር ላይ ተኝቶ ሲያበቃ ወጡን የሚያማ ሰው አየሁ በለው" አልኩ።

"ወላሂ ይሄ በእንግሊዝኛ አይመጣልኝም።"

ፈረንጁ ሳቀ፤ የመረቅሁት መስሎታል። ሽሮውን ይዞ ወደ ግብፅ መንገዱን ቀጠለ።

እሱ ከሄደ በኋላ ንግድ አልሆነልኝም። ሳስበው፣ ዣንጥላውን ያሰረው ወረቀቴ ብቻ አልነበረም። ሌላ ሰው አክሱምን አይቶ መጥቶ ሲያወራልኝ መስማት አልፈልግም ነበር። እሑድ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። "ስለት ይገባል እንጂ አይሰቀልም። ላኪው" አሉኝ።

ጎረቤቴ አልማዝ ለገና አገር ልትገባ ቲኬት ቆርጣ ነበር። ዣንጥላውን አስታቀፍኳት።

"በእጄ ያልሽውስ?" አለችኝ።

"የንስሐ አባቴ ፈትተውኛል። ብቻ እዚያ ሄደሽ ብትተኚ አንላቀቅም።"

አደረሰችልኝ። አሁን ስለቴ ገብቷል፤ እንቅልፌም ተመልሷል። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። አልማዝ "አክሱም ሳለሁ" ብላ በጀመረች ቁጥር እንደገና እቀናለሁ። መሃል ላይ ዘልላ ስታልፍ ግን፣ "ቄሱ ዣንጥላውን ሲከፍቱትስ? እሱን ዘለልሽ" ብዬ የምመልሳት እኔው ነኝ።