የባሕር ፊልም አስተርጓሚነቴ

እንግሊዝኛ ማንም አላስተማረኝም። ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከራዲዮና ከዕቃ ካርቶን ላይ ለቅሜ ለራሴ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጡረታ በወጣው ባቡር ነጂ ጓደኛዬ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ለጫት በርጫ ተሰብስበን ፊልም ስናይ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ወፍራም ትራስ የእኔ ነው። የአስተርጓሚ ቦታ ነው። በዚህ ዕድሜዬ የቀረኝ ሹመት እሱ ስለሆነ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ።

አንድ እሑድ የጓደኛዬ ልጅ የቆየ የባሕር ፊልም በፍላሽ አመጣችልን።

"ባሕር ከሆነ ለእኔ ተዉት" አልኩ። ጅቡቲ ወርጄ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቼበታለሁና።

ፊልሙ ተጀመረ። አንዱ መርከብ ሌላውን ተጠጋ። ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለው ዘለሉና ሳጥን እየሰበሩ ጣቃ ጣቃ ጨርቅ ጎትተው አወጡ። ሳጥን ከፍቶ ጨርቅ የሚወስድ ማን እንደሆነ ለድሬ ሰው ይነገረዋል?

"እነዚህ የኬላ ፈታሾች ናቸው" አልኩ። "ነጭ ሱሪ ለብሰው የሚያሳድዷቸው ደግሞ ኮንትሮባንዲስቶቹ። ሀብታም ስለሆኑ ነው እንዲህ ያማረባቸው።"

ሰልባጅ ነጋዴው ጓደኛችን ጉንጩን እንደወጠረ "አቦ፣ ባንዲራው ላይ ያለው የራስ ቅልስ?" አለኝ።

"ትራንስፎርመር ላይ አላየህም? አትጠጉ ማለት ነው።"

"ወላሂ ይሄ ሰው የማያውቀው የለም!"

ትራሴን አመቻቸሁ። ነጋዴውም ባለ ነጭ ሱሪዎቹ እንዲያሸንፉ ዱዓ ያዘ።

መጨረሻ ላይ ባለ ራስ ቅሎቹ ተይዘው ለስቅላት ተሰለፉ። ነጋዴው ብድግ አለ። "ፈታሽ የሚሰቀልበት አገር የት ነው? ዛሬውኑ ዕቃዬን ልጫን!"

የጓደኛዬ ልጅ ቀዝቃዛ ውኃ ይዛ ገብታ ኖሮ፣ ጆጉ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። "ኧረ ጋሼ! የሚሰቀሉት የባሕር ወንበዴዎች ናቸው። ባለ ነጭ ሱሪዎቹ የባሕር ኃይል መኮንኖች፤ መንግሥት ናቸው።"

"እኔም ወደዚያው እየመጣሁ ነበር" አልኩ። ፊልሙ ግን አልቋል።

ነጋዴው ራሱን ያዘ። "አንተ ሰውዬ! ከሰዓቱን ሙሉ ለመንግሥት ዱዓ አስደረግከኝ?"

በማግስቱ ስመጣ ትራሴን በሩ ሥር፣ ከጫማዎቹ ጎን አገኘሁት። ልጅቷ ሥራ ላይ ስለምትውል ግን ሌላ አስተርጓሚ አላገኙም፤ አሁንም ዞር እያሉ "ምን አለ?" ይሉኛል። እኔም ከዚያው ሆኜ እተረጉማለሁ። ከበሩ ሥር ፊልሙ በደንብ አይታይም። እውነቱን ለመናገር፣ በትርጉሜ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም።