ሁለቱ ታምሲኖች

ወንዴል የፖም ፓይ ጋግሮ ይዞ ከመጣ ነገር አለ ማለት ነው። አቪስ የአጎቷን ልጅ ሰባ ዓመት ታውቀዋለች። ፓዩን ሳትቆርስ ጠበቀችው።

ከኮቱ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "መነጽርሽን ፈልጊና አንብቢው።"

"መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነው። ይልቅ ያንተን ፈልግ።"

ወረቀቱ ከእንግሊዝ አገር የመጣ የቀብር መዝገብ ቅጂ ነው። "ታምሲን፣ የሮጀር ኮልቨር ልጅ፣ ተቀበረች፤ 1619" ይላል። ታምሲን ኮልቨር በ1638 በመርከብ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ የገባች የዘራቸው እናት ናት። የአቪስ እህት ሊዮና ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሴትዮዋን ዘር ስትቆጥር ኖራ፣ መጽሐፍ ጽፋ፣ ባለፈው ሚያዝያ ሞተች።

"የሞተ ሰው ባሕር አይሻገርም" አለ ወንዴል። "ወይ ሴትዮዋ የሙት ስም ሰርቃ መጥታለች፣ ወይ እህትሽ ፈጥራታለች። ሐሙስ የዘር ሐረግ ማኅበሩ ሲሰበሰብ መጽሐፏ ከማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ይነሳ እላለሁ።"

"በሕይወት ሳለች ምነው ዝም አልክ?"

"አሁን ነዋ የደረሰኝ!"

አቪስ አላመነችውም። ወንዴል የራሱን መጽሐፍ እየጻፈ መሆኑን አገር ያውቃል። የከፋው ግን እህቷንም መጠርጠር መጀመሯ ነው። ሊዮና የማትወደውን ነገር ዘልላ ማለፍ ታውቅበት ነበር።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ የዚያኑ መዝገብ ገጾች የተነሱበትን ፊልም አስወጣች። የወንዴል ወረቀት ቀብሩ ላይ ያበቃል፤ እሷ ግን ወደፊት ገለጠች። በ1620 ምንም የለም። በ1621 "ታምሲን፣ የሮጀር ኮልቨር ልጅ፣ ተጠመቀች" የሚል አገኘች።

በዚያ ዘመን ልጅ የሞተበት ሰው ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም ይሰጥ ነበር። ወንዴልም ይህን አያጣውም፤ ከቤቱ ጀርባ ባለው አሮጌ መቃብር አንድ ስም የያዙ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ድንጋይ ሥር ተኝተዋል።

ሐሙስ ዕለት ሁለቱንም መዝገብ ለማኅበሩ አነበበች። መጽሐፉ ባለበት ይቆይ ተባለ።

ወንዴል ባርኔጣውን እያሻሸ፣ "እሺ፣ ታዲያ እህትሽ የሞተችውን ታምሲን ምነው ዘለለቻት?" አላት።

አቪስ መልሱን ታውቃለች። ሊዮናም የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ቀብራለች፤ የልጅቷ ስም በዚያ ቤት አርባ ዓመት አልተጠራም። ይህን ለወንዴል አልነገረችውም። እርሳስ ለመነችው፤ እያጉረመረመ ሰጣት። መጽሐፉን ገልጣ ከሁለተኛዋ ታምሲን በላይ የመጀመሪያዋን ጻፈች።